ቀኑ ያልተቈጠረለት ክኒን

(በተማሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያደረግነው ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ፈገግ አሉ፤ አንዳንዶቹም «ይህ የባለትዳሮች ጉዳይ ነው እንጂ የተማሪ ምኑ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልሳችን አጭር ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ መምህር፣ ነርስ፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነን በየወረዳው እንሰማራለን። በዚያም ስፍራ «የተማረ ሰው ነው» ተብሎ የሚጠየቀው እኛው ነን። አንዲት ሴት የክኒን ማሸጊያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጥታ «ይህ መድኃኒት መቼ መቼ ነው የሚዋጠው? ከዋጥኩትስ በኋላ ምን ላድርግ?» ብላ ብትጠይቀን የምንመልሰው ሊኖረን ይገባል።

በሠርግ ቀን ሽማግሌዎች ሙሽሮችን ሲመርቁ «ወልዳችሁ ሳሙ» ይላሉ። ቃሉ ያማረ ቃል ነው። ዳሩ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ልጅ ያልመጣ እንደ ሆነ ምርቃቱ ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውም ወደ ሐሜት ይለወጣል፤ ሐሜቱም የሚያርፈው በሴቲቱ ራስ ላይ ነው። «መካን» የሚለውን ቃል ለወንድ ሲነገር እምብዛም አንሰማም። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት የፈረሰውን ትዳር በየቤተ ዘመዳችን ብንቈጥር ጣታችን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጆች፣ በአማራ ክልል ደግሞ 3.7 ልጆች እንደምትወልድ ገልጿል። እኛም በትምህርት ገበታችን ላይ ስለ ወሊድ ሲነሣ የለመድነው ስለ ማራራቅና ስለ መመጠን ነው። ብዙ በሚወለድበት አገር ልጅ ያጡት ሰዎች ከነጭራሹ ይረሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚደርስበት አስታውቋል። እንግዲህ ችግሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ የምንናገረው ስለ መካንነት ሁሉ አይደለም፤ ለዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አይበቃም። የምንናገረው የሴትን የዘር እንቁላል ስለሚያስለቅቁት መድኃኒቶችና ስለ ቀን አቈጣጠራቸው ነው። ልናስጨብጥ የምንፈልገውም አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ክኒኑ እንቁላሏን ያወጣታል እንጂ ልጁን አይሰጥም፤ ቀኑ ካልተቈጠረለትና ሌላው ነገር አስቀድሞ ካልተመረመረለት በከንቱ የተዋጠ ክኒን ይሆናል።

አስቀድመን የተፈጥሮውን ሥርዐት እንመልከት። በማኅፀን ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት እጢዎች ከአንደኛው በየወሩ አንዲት እንቁላል ትለቀቃለች። ይህች እንቁላል ከተለቀቀች በኋላ በሕይወት የምትቈየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በወር ውስጥ ለመፀነስ የሚመቹት ቀኖች ስድስት ያህል ናቸው፤ እነሱም እንቁላሏ የምትለቀቅበት ቀንና ከእርሱ በፊት ያሉት አምስት ቀኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ አገር በ221 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚያ ጥናት ፅንስ የተገኘው በእነዚሁ ስድስት ቀኖች ውስጥ ከተደረገ ግንኙነት ብቻ ሲሆን፣ ዕድሉም በመጀመሪያው ቀን ከ100 ወደ 10፣ እንቁላሏ በምትለቀቅበት ቀን ደግሞ ከ100 ወደ 33 ይደርስ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነው ግን ፍሬ አልሰጠም። ቀኑ ካለፈ አለፈ ማለት ነው።

ቀኑን ለማወቅ የሚቈጠረው ከኋላ ነው። በ1920ዎቹ የጃፓኑ ሐኪም ኦጊኖና የኦስትሪያው ሐኪም ክናውስ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው እንደ ደረሱበት፣ እንቁላሏ የምትለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ በየ28 ቀኑ የሚመጣላት ሴት በ14ኛው ቀን ገደማ፣ በየ35 ቀኑ የሚመጣላት ደግሞ በ21ኛው ቀን ገደማ ትሆናለች። የእኛ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ መቍጠሩ ቀላል ነው፤ 28 ቀን የምትቈጥር ሴት በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትመለሳለች። መስከረም 1 ካየች መስከረም 29፣ ከዚያም ጥቅምት 27 ታያለች። ጳጕሜን ግን መርሳት የለባትም።

ችግሩ የሚመጣው የሚቈጠር ቀን የሌለ እንደ ሆነ ነው። የወር አበባቸው በሁለት ወር አንዳንዴም በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣላቸው ሴቶች አሉ። እንቁላላቸው ትጀምርና ሳትበስል ትቀራለች። ለእነዚህ ነው እንግዲህ መድኃኒቱ የተሠራው። ያልነበረውን ቀን ይፈጥርላቸዋል።

እንዴት? ከዚሁ ከከተማችን ምሳሌ እንውሰድ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ የጨረጨራ ግድብ በሮች አሉ። አንድ ዘበኛ በታች በኩል የተተከለውን የውሃ መለኪያ እያየ፣ ውሃው ያነሰ እንደ ሆነ በሩን ይበልጥ የሚከፍት፣ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ የሚያጠብ ነው እንበል። አንጎላችንም እንደዚሁ ዘበኛ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ያነሰ ሲመስለው እንቁላልን የሚያሳድገውን ሌላውን ሆርሞን አብዝቶ ይለቃል። ክሎሚፌን የተባለው ክኒን መለኪያውን በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው፤ ዘበኛው ውሃው ያነሰ መስሎት በሩን ይከፍታል። ሌትሮዞል የተባለው ሁለተኛው ክኒን ግን መለኪያውን አይሸፍንም፤ ውሃውን ራሱን ለጥቂት ቀን ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱም በተለያየ መንገድ ሄደው የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ እንቁላሏ ትበስላለች፣ ትለቀቃለችም።

ክሎሚፌን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ አገር በሲንሲናቲ ከተማ ተቀመመ፤ በ1961 ግሪንብላት የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በእርሱ እንቁላል ለማስለቀቅ እንደሚቻል አስታወቁ፤ በ1967 በዚያው አገር ለሽያጭ ተፈቀደ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በተቀበለበት ዘመን የተገኘ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል። ሌትሮዞል ግን በመጀመሪያ ለጡት ነቀርሳ የተሠራ ሲሆን ለዚህ ሥራ የዋለው ኋላ ነው።

አሁን ወደ አቈጣጠሩ እንምጣ። እናቶቻችን ቀን የሚይዙት በወር መቍጠሪያ ወረቀት አይደለም፤ በበዓላት ነው። እኛም በዚያው እንቍጠር። አንዲት ሴት የወር አበባዋን በ5 በአቦ ቀን አየች እንበል። ያ ቀን «አንድ» ይባላል። ሐኪሙ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ለአምስት ቀን ክኒን ቢያዝላት፣ በ7 በሥላሴ ትጀምርና በ11 ትጨርሳለች። እንቁላሏ አብዛኛውን ጊዜ የምትለቀቀው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከአምስት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህም ከ16 እስከ 21 መሆኑ ነው፤ ከኪዳነ ምሕረት እስከ ማርያም። ባልና ሚስት ከ14 ገደማ ጀምረው እስከ 21 በየሁለት ቀኑ ቢገናኙ ቀኑ አያመልጣቸውም። ክኒኑን በአምስተኛው ቀን እንድትጀምር የታዘዘች እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉም ሁለት ሁለት ቀን ወደ ፊት ይገፋል። መድኃኒቱ ቀኑን ያንቀሳቅሰዋል ያልነውም ይህንኑ ነው፤ ጎረቤት በራሷ የለመደችው ቀን ክኒን ለምትውጠው ሴት ላይሠራ ይችላል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነንን በልምምድ ላይ ሳለን ያየነውን እንናገር። ስማቸውንም ቀበሌያቸውንም አንጠቅስም። ሴትዮዋ በገበያ አትክልት ትሸጣለች፤ ባሏ በሐይቁ ላይ ዕቃ በሚያመላልስ ጀልባ ይሠራል፣ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በዐሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ክኒን ታዞላት ለአራት ወር ውጣለች። ፅንስ ግን የለም። አማቷም ሌላ ሚስት ስለ ማምጣት መናገር ጀምራ ነበር። አንዲት ነባር ነርስ አጠገቧ ቁጭ አድርጋ «ልጄ፣ መቼ አየሽ? ክኒኑን መቼ ጨረስሽ? እርሱስ መቼ ነበር የመጣው?» እያለች በጣቷ አስቈጠረቻት። በአራቱም ወር በእነዚያ ቀኖች ባልየው ሐይቅ ላይ ነበር። ሴትዮዋም «ሲስተር፣ ክኒኑን የሰጠኝ አለ፤ ቀኑን የነገረኝ ግን አልነበረም» አለች። ባልየው ተጠርቶ ነገሩ ሲገለጽለት ከጓደኛው ጋር ተራ ተለዋወጠ። በሦስተኛው ወር ፀነሰች። ያ ክኒን ከፊተኛው የተለየ አልነበረም፤ የተለየው መቈጠሩ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሰው ለሐኪም ለመናገር የሚያፍርበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በጾም ቀን ከግንኙነት የሚታቀቡ ባልና ሚስት በአገራችን ብዙ ናቸው። በስድስት ተከታታይ ቀኖች ውስጥ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሳይገባ አይቀርም። ነገር ግን የወንድ ዘር እስከ አምስት ቀን ሊቈይ ስለሚችል፣ ረቡዕና ዓርብ ቢዘለሉ በሌሎቹ ቀኖች መገናኘት ይበቃል፤ በየቀኑ መሆን አያስፈልግም። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው፤ ክኒኑ በዚያ መካከል ቢዋጥ ወሩ በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ይህን ለሐኪማቸው ቢነግሩት ክኒኑን ከፋሲካ በኋላ ሊያስጀምራቸው ይችላል። በረመዳን ለሚጾሙም ሌሊቱ የተፈቀደላቸው ስለ ሆነ ችግሩ ያን ያህል አይጠናም፤ ክኒኑንም ከአፍጥር በኋላ መዋጥ ይቻላል። እኛ በማንም ሃይማኖት ውስጥ ገብተን አንፈርድም፤ ሐኪም ሳይጠይቅ፣ በሽተኛም ሳትናገር ወሮች እንዳያልፉ ብቻ እንላለን።

ቀኑ መድረሱን የሚያሳዩ ምልክቶችም አሉ። ከማኅፀን በር የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የጠራና የሚሳብ ይሆናል፤ ክሎሚፌን ግን በአንዳንድ ሴቶች ይህን ፈሳሽ ስለሚያደርቀው ምልክቱ ጠፋ ብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህ የሚታየው ግን እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ስለ ሆነ ለሚመጣው ወር ትምህርት ነው እንጂ ለዚያው ወር አይደርስም። በሽንት የሚታይ መመርመሪያም አለ፤ እርሱ ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ቀን ተኩል በፊት ያስታውቃል። ክሎሚፌን የወሰደች ሴት ግን የመጨረሻውን ክኒን ከዋጠች ሦስት ቀን ሳይሞላ ብትመረመር ውጤቱ ሊያሳስታት ይችላል። ከሁሉ የተሻለው በአልትራሳውንድ እንቁላሏ ያለችበትን ከረጢት መለካት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ የምታስለቅቅ መርፌ ይወጋታል፤ ያን ጊዜ እንቁላሏ ከ36 ሰዓት ያህል በኋላ ስለምትወጣ ቀኑ በሰዓት ይታወቃል።

«ዕድሉስ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እውነቱን እንናገር። ምንም ችግር የሌለባቸው ባልና ሚስት እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከአራት አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በዓመት ውስጥ ግን ከ100ው ከ80 በላይ የሚሆኑት ይፀንሳሉ። ክሎሚፌን ከሚወስዱት ሴቶች ከ100ው ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት እንቁላል ይለቃሉ፤ የሚፀንሱት ግን ከዚህ ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ እንቁላላቸው በሥርዐት በማይለቀቅ 750 ሴቶች ላይ ሁለቱ ክኒኖች ተወዳድረው ነበር። እስከ አምስት ዙር ከተሰጣቸው በኋላ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከ100ው 27.5፣ ክሎሚፌን ከወሰዱት ከ100ው 19.1 ልጅ ወለዱ። ከዚያ ወዲህ ለእነዚህ ሴቶች ሌትሮዞል እንዲቀድም ይመከራል። ስለዚህ አንድ ወር አልሆነም ብሎ መድኃኒቱን መጣል ስሕተት ነው፤ ዓመት ሙሉ ያለ ምርመራ መዋጥም እንደዚሁ ስሕተት ነው። ክሎሚፌን ብዙውን ጊዜ ከስድስት ዙር በላይ አይሰጥም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ክኒኑ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። የማኅፀን ቱቦዎች የተዘጉ እንደ ሆነ እንቁላሏ ብትለቀቅም መንገድ የላትም። በአፍሪካ አገሮች ደግሞ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ የገባ ቍስለት ቱቦውን መዝጋቱ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የባልየው ዘር ያነሰ ወይም የሌለ እንደ ሆነም ሚስት የምትውጠው ክኒን ምንም አያደርግለትም። ልጅ ካጡት ቤተሰቦች ወደ ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ የወንዱም ድርሻ አለበት።

ሁለተኛውን ታሪክ ለዚህ እንናገር። አንዲት ሴት ያለ አንዳች ምርመራ ከአንድ መድኃኒት ቤት ክሎሚፌን እየገዛች ስምንት ወር ዋጠች። የወር አበባዋ በየ29 ቀኑ ሳይዛነፍ የሚመጣላት ሴት ነበረች፤ እንቁላሏ ከጥንቱም አልጠፋችም ነበር። ባሏ እንዲመረመር በተጠየቀ ጊዜ «እኔ ወንድ ነኝ፤ ምን ልሆን?» ብሎ እንቢ አለ። በኋላ የንስሐ አባታቸው «ልጄ፣ እርስዋ ስምንት ወር መድኃኒት ስትውጥ አንተ አንድ ቀን ብትመረመር ምን ትሆናለህ?» ብለው ራሳቸው ይዘውት ሐኪም ቤት መጡ። ምርመራው የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ዋጋውም ከስምንት ወር ክኒን ያንሳል። ችግሩ የእርሱ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ግን ወንድነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው እንላለን፤ በሚስቱ ወላጆች ቤት ሽማግሌ ሰብስቦ «ነገሩ የእርስዋ አይደለም፤ የእኔ ነው» ሲል በአፉ ተናገረ። ልጅ ይምጣላቸው አይምጣላቸው ገና ሕክምናው አልተፈጸመም፤ ሴትዮዋ ግን ዛሬ አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ትወጣለች።

የመድኃኒቱንም ጠንቅ መሸሸግ አይገባንም። የሰውነት ትኵሳትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ክሎሚፌን ስትወስድ ዓይኗ የደበዘዘባት ሴት ክኒኑን አቁማ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት። በክሎሚፌን ከተገኙት ርግዝናዎች ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት መንታ ናቸው፤ ከሐኪም ቤት ርቃ ለምትኖር እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሆድ መነፋትና ብርቱ ሕመምም ቸል አይባልም፤ በተለይ በመርፌ በሚሰጡት ብርቱ ሆርሞኖች ይህ ይጠናል። ክኒኑም ርግዝና አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይጀመርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ልጅ ያልመጣላቸው፣ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሁለቱም አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ። በከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ክኒን ከማይበጃቸው ወገን ለሆኑት ደግሞ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ እንቁላልና ዘርን ከአካል ውጭ አገናኝቶ ወደ ማኅፀን የመመለሱ ሥራ በመንግሥት ሕክምና ተቋም የተጀመረው በዚያ ነው። ዳሩ ግን ከባሕር ዳር ወደዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወጪውንም የማይችል ብዙ ነው። መንገዱ ሩቅ መሆኑም ለእኛ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ እዚሁ በቅርብ በቍጥርና በምርመራ ሊቃና የሚችለውን በስንፍና ማበላሸት የለብንም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሦስት ነገር ይዘን እንውጣ። ክኒን ይዛ ለምትጠይቀን ሴት ቀኑን አብረን እንቍጠርላት። ክኒኑን ከመግዛቷ በፊት ባሏም እርስዋም እንዲመረመሩ እንንገራት። ወንዶቹ ደግሞ ነገ በእኛ ቤት ይህ የደረሰ እንደ ሆነ ቀድመን የምንመረመረው እኛ እንሁን። «መካን» የሚለውን ቃል ከአፋችን ለማውጣት ግን ነገን መጠበቅ አያሻንም፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንተወው።